የሚከፈለው ሰው አይወዳደርም

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልስ እያየሁ ነው ያደግሁት። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አንድ የቴኒስ ክበብ ውስጥ ኳስ አቀባይ ሆኜ ስገባ፣ ከመረቡ ወዲያና ወዲህ የምትመላለሰው ኳስ እንግዳ አልሆነችብኝም። የእጅና የዓይን ሥራ ነው። ምቱን መጠበቅ ከአባቴ ጉድጓድ አጠገብ ተምሬዋለሁ።

ሜዳው ቀይ አፈር ነበር። ማለዳ ውኃ እናርከፈክፍበታለን፤ የተቆፋፈረውን በጆንያ እየጎተትን እናስተካክላለን፤ መስመሩን በኖራ እናሰምራለን። ከዚያ አባላቱ ይመጣሉ። የምናገኛት ሳንቲም ለደብተርና ለዳቦ ትበቃ ነበር። ሲመሽና ሰዉ ሲበተን፣ ጅማቱ የላላ አሮጌ ራኬት ይዘን እርስ በርሳችን እንጋጠማለን። እንዲህ ስድስት ዓመት ተጫወትሁ። ከአባላቱ ብዙዎቹን እንደማሸንፍ እኔም እነሱም እናውቅ ነበር፤ ተጋጣሚ ሳይመጣ የቀረበት ሰው ሁሉ የሚጠራው እኔን ነበርና።

አንድ ቀን የክበቡ የነጠላ ውድድር ማስታወቂያ ተለጠፈ። የመመዝገቢያውን ገንዘብ አጠራቅሜ ቀረብሁ። መዝጋቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ብዕሩን አስቀምጦ፣ «ልጄ፣ አንተ እዚህ ይከፈልሃል። የሚከፈለው ሰው አይወዳደርም» አለኝ። ማታ ለአባቴ ነገርሁት። መወርወሪያውን አቁሞ ትንሽ ቆየና፣ «ሸማውን ይለብሱታል፤ ሸማኔውን አይወዱትም» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያ ደንብ ከየት እንደ መጣ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አሠልጣኝ ከሆንሁ በኋላ ስለዚህ ጨዋታ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ደንቡን የፈጠሩት የክበባችን ሰዎች አልነበሩም። ከራኬቱና ከመረቡ ጋር አብሮ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። አገሩ እንግሊዝ፣ ዋና ቤቱም ዊምብልደን ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአንዱ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዊምብልደን የወንዶች ነጠላ ውድድር የተጀመረው በ1877 ነው። እንደሚተረከው ክበቡ ሣሩን የሚዳምጥበት፣ በፈረስ የሚጎተት ከባድ መዳመጫ ነበረው፤ ተሰበረ፤ ማሠሪያ ገንዘብ ጠፋ፤ ውድድር ቢዘጋጅ ገንዘቡ ይገኛል ተባለ። ይህን ሳነብ ጆንያችን ትዝ አለኝ። በዓለም ከሁሉ የገነነው የቴኒስ ውድድር መነሻው የሜዳ ጥገና ነው። መመዝገቢያው አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሺሊንግ ነበር። 22 ሰዎች ተመዘገቡ። ጨዋታው እንደ ዛሬው ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግን ድልድሉን ማመጣጠን ገና አልተለመደምና መጨረሻ ላይ ሦስት ሰው ቀረ፤ ዊሊያም ማርሻል ሳይጋጠም ለፍጻሜ አለፈ። ዝናብ አዘግይቶት በጁላይ 19 በተደረገው ፍጻሜ፣ ስፔንሰር ጎር በ48 ደቂቃ ማርሻልን 6ለ1፣ 6ለ2፣ 6ለ4 አሸነፈው። አንድ አንድ ሺሊንግ ከፍሎ የገባው ተመልካች 200 ያህል ነበር። ጎር ከዋንጫው ጋር 12 ጊኒ የሚያወጣ የወርቅ ሽልማት ወሰደ።

የ12 ጊኒውን ነገር ልብ በሉልኝ። ከገንዘቡ ራቅ ማለት የኋላው ዘመን ወግ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሽልማት ነበረ። የተከለከለው ገንዘብ መቀበሉ ሳይሆን በገንዘቡ መተዳደሩ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች እነማን እንደ ነበሩ ማየት ይበቃል። በ1878 ያሸነፈው ፍራንክ ሃዶው ሲሎን ውስጥ የቡና እርሻ የነበረው፣ ለዕረፍት ወደ አገሩ የመጣ ሰው ነው። ጎር ወደ መረቡ እየተጠጋ ሲያስቸግር፣ ሃዶው ኳሱን ከራሱ በላይ እየሰቀለ አሸነፈው፤ ከዚያም ወደ ቡናው ተመለሰ፤ ዋንጫውን ሊከላከል እንኳ አልመጣም። በ1879 እና በ1880 ያሸነፈው ጆን ሃርትሊ ቄስ ነበር። በውድድሩ መካከል እሑድ ሲደርስበት፣ ምእመናኑን ሊያስቀድስ ወደ ዮርክሺር ሄዶ ሰኞ ለግጥሚያው ተመልሷል። እነዚህ ሰዎች ጨዋታውን የሚወዱት ከልባቸው ነው፤ ጥርጥር የለኝም። «አማተር» የሚለውም ቃል ከላቲኑ ሲፈታ «አፍቃሪ» ማለት ነው። ግን ለማፍቀርም ጊዜ ያስፈልጋል። የእርሻ ባለቤት ጊዜ አለው። የሸማኔ ልጅ ጊዜውን የሚያገኘው ሲከፈለው ብቻ ነው።

የእንግሊዝ ስፖርት ይህን ሐሳብ በግልጽ ጽፎታል። በቴምዝ ወንዝ ላይ የሚደረገው የሄንሊ የቀዘፋ ውድድር በ1879 ባወጣው ደንብ፣ በእጅ ሙያ ወይም በጉልበት ሥራ ደሞዝ የሚያገኝ ሰው አማተር አይደለም አለ። ጀልባ ባይነካም፣ ለቀዘፋ አንዲት ሳንቲም ባይቀበልም፣ በእጁ ስለሚሠራ ብቻ አይገባም። ቴኒስ ነገሩን እንዲህ በጭካኔ አልጻፈውም፤ መንፈሱ ግን ያው ነው። በጨዋታው ደሞዝ ያገኘ ሁሉ «ፕሮፌሽናል» ተባለ፤ ፕሮፌሽናል የሆነ ደግሞ ከድልድሉ ውጪ ነው።

እኛ ይህን በሽታ እናውቀዋለን። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ሰድበናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ሠራተኛውን በሙያው የሚሳደብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ነገሩ ደርሶ ነበር። አባቴ አዋጁን በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ስድቡንም እንዲሁ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ የምወደውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ዳን ማስኬል ይባላል፤ ለንደን ውስጥ ፉላም በሚባለው ሰፈር በ1908 ተወለደ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ኩዊንስ ክለብ ኳስ አቀባይ ሆኖ ተቀጠረ። ኳስ እያቀበለ ጨዋታውን ተማረ፤ ከዚያ አስተማሪ ሆነ። በ1929 የዊምብልደኑ ክበብ የመጀመሪያው ተቀጣሪ አሠልጣኝ አድርጎ ወሰደው። በተቀጣሪዎች፣ ማለትም በፕሮፌሽናሎች፣ መካከል በሚደረገው የብሪታንያ ሻምፒዮና 16 ጊዜ አሸንፏል። በ1933 ብሪታንያ ፓሪስ ላይ ፈረንሳይን አሸንፋ የዴቪስ ዋንጫን ስትወስድ ቡድኑን ያሠለጠነው እሱ ነው።

እንግዲህ አስቡት። የዊምብልደን ሣር ሥራ ቦታው ነው። ሌሎች በዓመት ሁለት ሳምንት የሚረግጡትን ሜዳ እሱ ዓመቱን ሙሉ ይመላለስበታል። በውድድሩ የሚጋጠሙትን ያለማምዳል፤ የሰርቫቸውን ጉድለት፣ የጀርባ ምታቸውን ድክመት ከራሳቸው ይልቅ ያውቃል። ድልድሉ ሲወጣ ግን ስሙ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ይከፈለዋልና። ከ1951 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል በቢቢሲ ቴሌቪዥን ውድድሩን ሲያስተላልፍ እንግሊዝ ሁሉ ድምፁን ለየው። ሌሎች ሲጫወቱ የተናገረው ሰው፣ እሱ ራሱ በዚያ ውድድር አንዲት ነጥብ አልተጫወተም። ስለዚህ ነገር ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ማስኬል ባሠለጠነው ቡድን ውስጥ ፍሬድ ፔሪ ነበረበት። የፔሪ አባት ሳሙኤል በልጅነቱ በጥጥ ፋብሪካ የሠራ፣ በኋላ ፓርላማ የገባ ሰው ነው። ልጁ የዊምብልደንን የነጠላ ውድድር በ1934፣ በ1935 እና በ1936 በተከታታይ አሸነፈ። በመጀመሪያው ድሉ ቀን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ አንድ የክበቡ ሹም ለተሸናፊው ለአውስትራሊያዊው ጃክ ክሮፎርድ የተሻለው ሰው አላሸነፈም ሲል መስማቱን ፔሪ ራሱ ተናግሯል። በ1936 መጨረሻ ለገንዘብ ሊጫወት ፈረመ። ክበቡ የሰጠውን የክብር አባልነት ወዲያው ነጠቀው። በ1984 ሐውልት ያቆመለት ይኸው ክበብ ነው። ከፔሪ በኋላ አንድ ብሪታንያዊ ወንድ የነጠላውን ዋንጫ እስኪያነሳ ድረስ 77 ዓመት አለፈ፤ አንዲ መሪ በ2013።

ለገንዘብ የሚጫወቱት ወዴት ሄዱ? ጉዞው የተጀመረው በ1926 ነው፤ ሲ. ሲ. ፓይል የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ፈረንሳዊቷን ሱዛን ሌንግለንን አስፈርሞ ከተማ ለከተማ ጨዋታ ማዞር ጀመረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህን ንግድ የያዘው በ1947 ዊምብልደንን ያሸነፈው ጃክ ክሬመር ሆነ። ሸራ ሜዳ ጠቅልለው በመኪና ይጭናሉ፤ አንዳንድ ጊዜ በበረዶ ሜዳ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜ በአዳራሽ ወለል ላይ ይዘረጉታል፤ ሌሊቱን ደግሞ ወደሚቀጥለው ከተማ ይነዳሉ። እኔ አዝማሪን ያስታውሰኛል። ማሲንቆውን ታቅፎ ከሰርግ ወደ ሰርግ የሚዞረውን፤ ዜማውን ሁሉም የሚወድለትን፣ ልጁን ግን ማንም የማይድርለትን።

ከእነዚህ ሁሉ ኃይለኛው ፓንቾ ጎንዛሌዝ ነበር። ሎስ አንጀለስ የተወለደ የሜክሲኮ ስደተኞች ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ራኬቱን እናቱ በ51 ሳንቲም ገዛችለት። የአሜሪካን ሻምፒዮና በ1948 እና በ1949 አሸንፎ፣ በ21 ዓመቱ ፈረመ። ክሬመር በዚያ የመጀመሪያ ዙረት 96 ጊዜ አሸነፈው፤ ጎንዛሌዝ 27 ብቻ። በኋላ ግን ጎንዛሌዝን የሚችለው ጠፋ፤ ለዓመታት የተቀጣሪዎቹ ቁጥር አንድ ሆነ። ዊምብልደን ግን ከ1949 በኋላ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በሩን ዘጋበት።

እውነቱን የሚያውቁ ያውቁት ነበር። አማተር ተብለው በዊምብልደን የሚጫወቱት ብዙዎቹ በጓሮ በር ይከፈላቸዋል፤ የጉዞ ወጪ በሚል ስም በፖስታ ይቀበላሉ። በግልጽ የተቀበለ ብቻ ነው የሚባረረው። በ1960 ዓለም አቀፉ የቴኒስ ማኅበር ፓሪስ ላይ ተሰብስቦ በሩን ለተቀጣሪዎች ልክፈት ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ አምስት ድምፅ ጎደለ። አምስት ድምፅ! ስምንት ዓመት ባከነ።

በእነዚያ ስምንት ዓመታት ውስጥ ሮድ ሌቨር አለ። ከአውስትራሊያ ሮክሃምፕተን የመጣው ግራኝ ዊምብልደንን በ1961 እና በ1962 አሸነፈ፤ በ1962 አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች ጠቀለለ። ከዚያ ለሦስት ዓመት 110,000 ዶላር ዋስትና ተሰጥቶት ፈረመ። በዓለም አንደኛ የተባለው ይህ ሰው ከተቀጣሪዎቹ ከሉ ሆድና ከኬን ሮዝዎል ጋር ካደረጋቸው የመጀመሪያ 21 ግጥሚያዎች 19ኙን ተሸነፈ። ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት ይህ ቁጥር ነው። ዊምብልደን የዓለም ሻምፒዮን ብሎ ዋንጫ ሲሸልም፣ የተሻሉት ሰዎች ሌላ ቦታ ሸራ እየዘረጉ ነበር። ከ1963 እስከ 1967 ድረስ ሌቨር በሕጉ ምክንያት አልገባም። በአሸናፊዎች ሰሌዳ ላይ የእነዚያን ዓመታት ስሞች ሳነብ ማንንም አላንቋሽሽም፤ የጎደሉትን ግን እቆጥራለሁ።

በሩን የከፈተው ራሱ ክበቡ ነው፤ ይህን ምስጋና አልነፍገውም። ሊቀመንበሩ ኸርማን ዴቪድ የአማተርነቱን ወግ በአደባባይ ውሸት ነው አለው። በኦገስት 1967 ስምንት ተቀጣሪዎች በዋናው ሜዳ ላይ እንዲጫወቱ ጋበዘ፤ ሌቨር ሮዝዎልን አሸነፈ፤ ሜዳው ሞልቶ ነበር። በዲሴምበር የብሪታንያ የቴኒስ ማኅበር በአማተርና በተቀጣሪ መካከል ያለውን ልዩነት ሰረዘ፤ በማርች 1968 ዓለም አቀፉ ማኅበር ተቀበለ። በኤፕሪል ቦርንማውዝ ላይ የመጀመሪያው ክፍት ውድድር ተደረገ። የፈሩት ነገር፣ ማለትም ተቀጣሪዎቹ አማተሩን ጠራርገው ይበላሉ የሚለው፣ እዚያው ከሸፈ፤ ማርክ ኮክስ የተባለ እንግሊዛዊ አማተር ጎንዛሌዝን አሸነፈው።

በዚያ ዓመት ሌቨር ወደ ዊምብልደን ተመለሰ፤ በፍጻሜው ቶኒ ሮችን 6ለ3፣ 6ለ4፣ 6ለ2 ረትቶ 2,000 ፓውንድ ተቀበለ። በሴቶች ያሸነፈችው ቢሊ ጂን ኪንግ የተቀበለችው 750 ነው። የሴቶቹ ሽልማት ከወንዶቹ እኩል የሆነው በ2007 ነው፤ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ጎንዛሌዝም ተመለሰ፤ ግን ጊዜው ሄዶ ነበር። በ1969፣ በ41 ዓመቱ፣ ከቻርሊ ፓሳሬል ጋር ያደረገውን ግጥሚያ ልጆቼን ሳሠለጥን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ያኔ እኩል የሆነ ዙር በአጭሩ የሚቋጭበት ደንብ አልነበረም፤ በሁለት ጌም እስኪበላለጡ ይቀጥላሉ። የመጀመሪያው ዙር 24ለ22 ለፓሳሬል ሆነ። መሸ። ጎንዛሌዝ አላይም፣ ይቁም አለ፤ አልሰሙትም፤ ተናዶ ሁለተኛውን 6ለ1 ተሸነፈ፤ ተመልካቹ ጮኸበት። በማግስቱ ሦስተኛውን 16ለ14፣ አራተኛውን 6ለ3 ወሰደ። በአምስተኛው ዙር አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርታው ሊሸነፍ የደረሰበት ሰባት ጊዜ ነበር፤ ሰባቱንም አዳነ፤ 11ለ9 አሸነፈ። 112 ጌም፣ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። በ1971 ዊምብልደን አጭሩን መቋጫ ሲያስገባ ይህ ግጥሚያ አልተረሳም ነበር። ግን በ41 ዓመቱ እንዲህ የተጫወተ ሰው በ25፣ በ30 ዓመቱ እዚያ ሣር ላይ ምን ያደርግ ነበር? ያን ያየ የለም፤ ከእንግዲህም አይታይም።

ጎንዛሌዝን በዚያ ውድድር በአራተኛው ግጥሚያው ያሸነፈው አርተር አሽ ነው። አባቱ በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ለጥቁሮች ብቻ የተከለለ መናፈሻ ጠባቂ ነበር፤ ቤታቸው ከቴኒስ ሜዳዎቹ አጠገብ ነው። በ1968 የመጀመሪያውን የአሜሪካ ክፍት ውድድር ሲያሸንፍ መኮንን ነበርና አማተር ሆኖ ተመዘገበ። የአሸናፊው 14,000 ዶላር በፍጻሜው ለተሸነፈው ለሆላንዳዊው ቶም ኦከር ተሰጠ፤ አሽ በቀን 20 ዶላር አበል ተቀበለ። አሮጌው ደንብ ለመጨረሻ ጊዜ የነከሰው እሱን ነው ብል ብዙ አልተሳሳትሁም። በ1975 ጂሚ ኮነርስን 6ለ1፣ 6ለ1፣ 5ለ7፣ 6ለ4 አሸንፎ የዊምብልደን ነጠላ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ።

ዛሬ በድልድሉ 128 ሰው አለ። ዋንጫውን ለማንሳት ሰባት ሰው ማሸነፍ ይጠይቃል፤ በየግጥሚያው ከአምስቱ ዙር ሦስቱን። በ2025 ሻምፒዮኑ ያኒክ ሲነር 3 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደ፤ በመጀመሪያው ቀን ተሸንፎ የወጣው እንኳ 66,000 አገኘ። ገንዘቡ በዝቷል የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ከዝርዝሩ ግርጌ ያለው ተጫዋች በዚያች ክፍያ ከአሠልጣኙና ከጉዞው ወጪ ከፊሉን ይችላል፤ የሀብታም ልጅ ባይሆንም ይጫወታል።

ዳን ማስኬል በ1992 ሞተ። እኔም ያ የክበባችን ውድድር ካመለጠኝ በኋላ ሌላ ዕድል አላገኘሁም፤ በሩ ለእንደኔ ያለው ሲከፈት ጉልበቴ ሄዶ ነበር። አሁን በማሠለጥንበት ሜዳ የነጠላውን ድልድል የምጽፈው እኔ ነኝ። ኳስ አቀባዮቹ ስማቸው አለበት፤ መመዝገቢያም አይከፍሉም። በየከተማው ውድድር የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተም ድልድሉን ከመለጠፋችሁ በፊት ጆንያውን የሚጎትቱትን ልጆች ጥሩና መዝግቡልኝ።